ነጠላዋና አረንጓዴዋ መብራት

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙ ጊዜ ላወራው አስቤ የተውኩት ነገር ነበር። ዛሬ ላውራው።

የምኖረው ኒውዮርክ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከተማው ሳይሆን ግዛቱ ማለቴ ነው። ከማንሃተን ወደ ሰሜን በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይርቃል። ላምና በቆሎ የሚበዛበት ገጠር ነው። እዚህ በበጎ ፈቃደኝነት አምቡላንስ ላይ እሠራለሁ። ኢኤምቲ፣ ማለትም የድንገተኛ ሕክምና ረዳት ነኝ።

አሜሪካ ሲባል እሳት አጥፊውም የአምቡላንስ ሠራተኛውም ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥሪ የሚጠብቅ ይመስለን ይሆናል። ትልልቅ ከተሞች ላይ ልክ ነው። ግን እንደ ፈረንጆቹ በ2020 በተሠራ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ እሳት አጥፊዎች 65 በመቶው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሲጠሩ እራት ላይ ናቸው፣ ወይ ተኝተዋል። ፔጀሩ፣ ማለትም ጥሪ የሚያሰማው ትንሽ መሣሪያ፣ ሲጮህ ይነሳሉ። በገዛ መኪናቸው ወደ ጣቢያው ይሄዳሉ። የኛም አምቡላንስ እንደዚያው ነው። ሁለት ሰው እስኪሞላ ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም።

እና በግል መኪናችን ውስጥ አንዲት መብራት አለች። በኒውዮርክ ሕግ የእሳት አጥፊ በጎ ፈቃደኞች ሰማያዊ ያበራሉ፤ የአምቡላንሶቹ አረንጓዴ። ቨርጂኒያ ላለው ጓደኛዬ ስነግረው ገረመው፤ እዚያ ቀይ ነው። መብራቷን ለማብራት ከአለቃ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። አለቃው በፈለገ ጊዜ ፈቃዱን ያነሳል።

ያች መብራት ግን ምንም መብት አትሰጥም። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ አያስነዳም። ቀይ መብራት አያስጥስም። ሳይረን የለም። የግል መኪናችን በሕግ ዓይን አምቡላንስ አይደለችም። መብራቷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እባካችሁ አሳልፉኝ።» ሰው ካሳለፈ አሳለፈ፤ ካላሳለፈ ከኋላው ትሄዳለህ።

ይህን ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌበታለሁም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ፌብሩዋሪ፣ ሌሊት ላይ ፔጀሩ ጮኸ። ደረቱን የያዘው ሰው ነው፣ መተንፈስ አቅቶታል አሉ። ዘልዬ ወጣሁ። ከቤቴ እስከ ጣቢያው 4 ማይል ነው። መንገዱ በሰዓት 45 ማይል ይላል። እኔ 65 ላይ ነበርኩ። በረዶው ከዳርና ዳር ተቆልሏል። አጋዘን የሚያቋርጥበት ቦታ እንደሆነም አውቃለሁ።

ከኋላዬ የፖሊስ መብራት መጣ።

መጀመሪያ ላይ ሊያጅበኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ዳር እንድይዝ ሲያደርገኝ ነው የገባኝ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ጥሪ አለብኝ» አልኩት። መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። ደግሜ ነገርኩት። መብራቷን አይቶ፣ እሷ ፍጥነቴን እንደማትፈቅድልኝ ነገረኝና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የማልረሳው። ፔጀሩ ጎኔ ላይ ነው። የጥሪ ማዕከሏ ሴትዮ ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ጠየቀች። አምቡላንሱ ጋ አንድ ሰው ደርሷል፤ ሁለተኛው የለም። ሁለተኛው እኔ ነኝ። እጄ መሪው ላይ ነው፣ የማንቀሳቅሰው ነገር ግን የለኝም። ትንሽ ቆይታ የጎረቤት ከተማ አምቡላንስ ጠራች። እነሱ ከእኛ በጣም ይርቃሉ። 11 ደቂቃ ቆምኩ።

ሰውዬው ሆስፒታል በሕይወት ደርሷል፤ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ግን በንዴት ጦፌ ነበር። ለባለቤቴ፣ ለሥራ ጓደኞቼ፣ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። ፖሊሱ ልብ የለውም አልኩ። ደሴ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሱ ምን አውቆ ልጄ? ግንባርህ ላይ ተጽፏል?» አለችኝ። ተናደድኩባት። ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ሴት ምጥ ያዛት። ታክሲ ተጠራ። እናቴ አብራ ገባች። ሾፌሩ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ ክላክሱን እየነፋ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን በመስኮት አውጥታ ታውለበልባለች። ይህን ያየ ያውቀዋል። ጋሪው ዳር ያዘ። ትራፊኩ ፊሽካውን ነፍቶ ሌላውን መኪና አቆመልን። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ከኋላ እየሮጥኩ ነበር።

ለዓመታት ያ ነጠላ መንገድ የከፈተ ይመስለኝ ነበር። መንገዱን የከፈተው ግን ሰዉ ነው። ነጠላው ለምኗል፤ ሰዉ ሰምቷል። ጋሪው ባይሰማ ኖሮ ታክሲው ይቆም ነበር። አረንጓዴዋ መብራት የእናቴ ነጠላ ናት። እኔ እንደ ትእዛዝ ነው የያዝኳት።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። 4 ማይል በ45 ማይል ፍጥነት 5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል። በ65 ደግሞ 3 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ። ያተረፍኩት 1 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ ነው፤ እሱም ምንም ባያቆመኝ። ትንሽ ነው አልልም። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ካልተረዳ፣ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚቀንስ ነው የተማርነው። ለዚህ ነው የሚያስቸኩለን። ይህን ያልተሰማው ሰው በእኛ ቢፈርድ አዝናለሁ።

ግን ሌላው ወገን አለ። በአሜሪካ እሳት አጥፊዎችን በሥራ ላይ ከሚገድሉ ነገሮች ድንገተኛ የልብ ሕመም አንደኛ ነው፤ የመኪና አደጋ ይከተላል። ከ1990 እስከ 2000 ያለውን ዘመን ያጠናው የመንግሥት ጥናት፣ ሟቾቹ በብዛት የነበሩባቸው መኪኖች የራሳቸው የግል መኪኖች እንደነበሩ ያሳያል። ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና አይደለም። የቤት መኪና ነው። በሌላው መኪና ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ማንንም አልጠራም። ከሥራ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።

ፖሊሶቹም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደሉም። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ጋዜጣ የክፍያ መንገድ መዝገብ አውጥቶ፣ የፖሊስ መኪና ከአንዱ የክፍያ ጣቢያ እስከ ሌላው የፈጀውን ሰዓት አሰላ። ወደ 800 የሚጠጉ ፖሊሶች በሰዓት ከ90 እስከ 130 ማይል ሲነዱ ተገኙ፤ ብዙዎቹ ተረኛ እንኳ አልነበሩም። ጋዜጣው በ2013 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመበት። መብራት ያለው ሰው ሁሉ ይፈተናል።

ስለዚያ ፖሊስ የማስበውን ልናገር። ቅጣቱ ይገባኝ ነበር። በወቅቱ ሕግ መንጃ ፈቃዴ ላይ 4 ነጥብ ተመዘገበብኝ፤ ከፈልኩ። 11 ደቂቃ ማቆየቱ ግን ዛሬም አይዋጥልኝም። ፔጀሩ ሲጮህ ሰምቷል። ሰሌዳዬን መዝግቦ፣ ቀስ ብለህ ሂድ ብሎ፣ ቅጣቱን ጠዋት ጣቢያ ድረስ ማምጣት ይችል ነበር። ሁለታችንም ለዚያው ሰው ነው የወጣነው።

አለቃችን መብራቷን ለ90 ቀን ወሰደብኝ። በዚያ ጊዜ ያለ መብራት ጥሪ ሄድኩ። ያኔ ነው ሌላውን ሰዓት የለካሁት። ፔጀሩ ከጮኸበት ሞተሬ እስኪነሳ ስንት ይፈጃል? 4 ደቂቃ ነበር! ሱሪ ፍለጋ፣ ቁልፍ ፍለጋ፣ የመስታወት በረዶ መፋቅ። መንገድ ላይ በነፍሴ ተወራርጄ ካተረፍኩት ከእጥፍ በላይ የሚሆነው እቤቴ ውስጥ እየባከነ ነው።

አሁን ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጫማዬ ከሥሩ ነው፣ ክሩ ላልቶ። ማታ ማታ መስታወቱን በብርድ ልብስ የምትሸፍነው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ስረሳ እንኳ እሷ አትረሳም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስንጠራ 1 ደቂቃ ተኩል ላይ ከግቢ ወጥቼ ነበር። ያችን መንገድ በ45 ነዳኋት። ከፊቴ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበር፤ መብራቷን አይቶ ዳር ያዘ። እጄን አንስቼ አመሰገንኩት።