ቦንዳው ሲከፈት

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልባሽ ጨርቅ ላወራችሁ ነው፤ ሰልባጅ ስለምንለው። ከአንዱ አህጉር ተሰብስቦ፣ በቦንዳ ታስሮ ወደ ሌላው ስለሚሻገረው ልብስ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።

ሰሞኑን ስለዚህ ንግድ ሳነብ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ቦንዳው ተዘግቶ መሸጡ።

ጋና፣ አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ገበያ አለ። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የልባሽ ገበያዎች አንዱ ነው፤ ወደ 30,000 ሰው እዚያ ሠርቶ ይበላል። ነጋዴዋ በማለዳ መጥታ ከአስመጪው አንድ ቦንዳ ትገዛለች። 55 ኪሎ ይመዝናል። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ላዩ ላይ «የሴት ሸሚዝ» ወይም «የወንድ ጂንስ» ዓይነት ነገር ተጽፏል። በቃ፣ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው። ከፍቶ ማየት የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የገዛችበት ገንዘብ የብድር ነው። ቦንዳውን የሚሸከሙት አብዛኞቹ ከሰሜን ጋና የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። 55 ኪሎ፣ በጭንቅላታቸው።

መደቧ ጋ ሲደርስ ማሰሪያው ይቆረጣል። ታምቆ የከረመው ልብስ ቡፍ ይላል። ከዚያ እጇ ሥራ ይጀምራል። አንዱን ታነሳለች፣ ብብቱን ታያለች፣ አንገትጌውን ትገለብጣለች፣ ዚፑን ሳብ ታደርጋለች። ቀጣይ። ይሄ አንደኛ ደረጃ። ይሄ ሁለተኛ። ይሄኛውስ ምን ሊሠራ ነው የመጣው? ላብ ብብቱን ቢጫ ያደረገው ሸሚዝ። ለአንድ ቀን ሩጫ የታደለ፣ የሆነ ድርጅት ስም የታተመበት ቲሸርት።

ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። ልዩነቱ፣ ዕጣው ካልወጣላት ብሯን ማጣቷ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻውን መጣልም የእሷ ዕዳ ነው።

እኔ የዚህ ንግድ ዋናው ችግር እዚህች ጋ ነው ያለው ባይ ነኝ። ላኪው ምን እንዳሰረ ያውቃል፤ ገዢዋ አታውቅም። ላኪው ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ኪሳራው እየተንከባለለ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ጋ ይደርሳል። የተቀረው ወሬ፣ «ዘላቂ» ምናምን የሚባለው ሁሉ፣ ይሄን ካልነካ ብዙም አይጥመኝም።

መጠኑ ራሱ ያስደነግጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2000 ወደ ውጭ የላኩት ያገለገለ ጨርቃ ጨርቅ 550,000 ቶን ገደማ ነበር። በ2019 ወደ 1.7 ሚሊዮን ቶን ተጠግቷል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ወደ አፍሪካ ነው የመጣው። ሰው በዚያው ልክ ቸር ሆኖ አይደለም። ርካሽ ልብስ በብዛት ይመረታል፣ ይገዛል፣ ሁለት ሦስቴ ይለበሳል፣ ከዚያ ከቤት መውጣት አለበት።

ከመጣው ውስጥ ስንቱ ቆሻሻ ነው? እዚህ ላይ ጭቅጭቅ አለ። ካንታማንቶ ላይ የሚሠራው ኦር ፋውንዴሽን 40 በመቶው ከገበያው በቆሻሻ መልክ ይወጣል ይላል። የጋና ልባሽ ነጋዴዎች ማኅበር ደግሞ ከ5 በመቶ አይበልጥም ብሎ ይከራከራል። የነጋዴዎቹ ቁጣ ይገባኛል። ስማቸው ከቆሻሻ ጋር በተነሳ ቁጥር፣ ንግዱ ይዘጋ የሚል ድምፅ ይበረታል። ግን አያችሁ፣ ቦንዳው ተከፍቶ እየተፈተሸ ቢላክ ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም ነበር። የተላከው ነገር ምን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይገኝ ነበር።

ቺሌን ደግሞ ተመልከቱ። ኢኪኬ የነፃ ንግድ ቀጠና ያለበት ወደብ ነው። ልባሹ በዚያ ይገባል፣ ይለያል፣ ጥሩ ጥሩው ይሸጣል። የተረፈው አልቶ ሆስፒሲዮ አካባቢ፣ አታካማ በረሃ ላይ ሲደፋ ኖሯል። ዝናብ የማያውቀው በረሃ ላይ የልብስ ተራራ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይባል የለ? ከፕላስቲክ ዘር የሆነው ፖሊስተር ግን ከመሬት ደርሶም አፈር አይሆንም። ዛሬ በዓለም ለጨርቅ ከሚመረተው ፋይበር ከግማሽ በላይ ደግሞ እሱ ነው።

ታዲያ ይከልከል? ብዙ ሰው ወዲያው የሚለው ይሄንን ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 ልባሽን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። የአሜሪካ ነጋዴዎች አቤት አሉ፤ አጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድላችሁ፣ ይታያል የሚል ማስፈራሪያ መጣ። ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲሉ ሩዋንዳ ብቻዋን ጸናች። በኪሎ 20 የአሜሪካ ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። በ2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ ዕድል አገደች። የሩዋንዳን ወኔ አደንቃለሁ። በክልከላ ግን አላምንም። ድንበሩ ሲዘጋ ልብሱ መመረቱን አያቆምም፤ ወይ በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ወይ ሌላ ወደብ ይፈልጋል። በዚያ መሀል እንጀራዋን የምታጣው ያቺው መደቧ ላይ የቆመችው ሴት ናት።

ሌላው መልስ ቴክኖሎጂ ነው። ልብሱን መልሶ ልብስ ማድረግ። ሲያወሩት ደስ ይላል። ከአሮጌ ልብስ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስዊድን ውስጥ ሬኒውሴል የሚባል ኩባንያ አሮጌ ጥጥ አሟሙቶ ለአዲስ ጨርቅ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያመርት ነበር። በ2022 ሰንድስቫል ላይ ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ፣ የካቲት 2024 ከሰረ። በኋላ ሌላ ባለሀብት ገዛው። ምርቱ አልነበረም ችግሩ፤ በቂ ትዕዛዝ አልመጣም። ትልልቅ ብራንዶች ለማስታወቂያ ይወዱታል፣ ለመግዛት ጊዜ ግን እጃቸው ያጥራል።

ከዚህ ይልቅ ጣሊያን ፕራቶ ውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ሙያው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሮጌ ሱፍ በቀለም በቀለሙ ይለያሉ፣ ይተረትራሉ፣ እንደገና ይፈትላሉ። ቀለሙ አስቀድሞ ስለተለየ አዲስ ማቅለም እምብዛም አያስፈልጋቸውም። ሹራብ በጣታቸው ዳብሰው ሱፍ ይሁን አይሁን የሚነግሯችሁ ሰዎች አሉ። ህንድ ፓኒፓት ላይም በተመሳሳይ ሙያ ከአሮጌ ሹራብ ብርድ ልብስ ይሠራል። ካንታማንቶ ውስጥም ልብስ ሰፊው ትልቁን ሸሚዝ ያጠብበዋል፣ ቀለም ነካሪው የገረጣውን ጂንስ ነፍስ ይዘራበታል። «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚባለው እኮ ይኸው ነው። በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በመርፌ የሚሠራ። ደመወዙን የሚከፍልለት ሰው ነው የጠፋው።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ፈረንሳይ ከ2007 ጀምሮ ልብስ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ልብሱ ካገለገለ በኋላ ለመሰብሰቢያውና ለመለያው እንዲከፍል የሚያስገድድ ሕግ አላት። ክፍያው በአንድ ልብስ የጥቂት ሳንቲም ነገር ነው። አሁን የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮቹ በሙሉ ተመሳሳይ ሥርዓት እንዲዘረጉ በ2025 ደንግጓል። በጎ ነገር ነው። ግን ገንዘቡ የት ይደርሳል? ልብሱ ባሕር ይሻገራል፣ ክፍያው ወደቡ ላይ ይቀራል። አክራ ላይ ቆሻሻውን ለሚጠርገው ማዘጋጃ ቤት ወይም ለልብስ ሰፊው የሚደርሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የኦር ፋውንዴሽን ሰዎች ሲጮኹ የኖሩት ለዚህ ነው፤ ክፍያው ልብሱን ይከተል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሕጉ ወደ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን አንቀጽ ነው።

በነገራችን ላይ ልብስ ስንሰጥ ደስ ይለናል፣ አይደል? እኔም ደስ ይለኛል። ግን ልብሱ የልገሳ ሳጥኑ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሸቀጥ ነው። መሸጡ አያስከፋኝም፤ ሸቀጥ ከሆነ እንደ ሸቀጥ ይታይ ነው የምለው። ሌላ ማንኛውም ዕቃ ሲሸጥ ገዢው ጥራቱን ይጠይቃል፣ ብልሽት ካለ ይመልሳል። ሰልባጅ ሲሆን ግን «በነፃ የተሰጠ ነው እኮ» የሚል ነገር ከኋላው ይከተለዋል፣ ገዢዋም መብቷን ታጣለች። በነፃ የተሰጠው ለእሷ አይደለም። እሷ ገዝታዋለች፣ ያውም በብድር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቦንዳው ይከፈት። ከመላኩ በፊት ይለይ፣ የማይለበሰው እዚያው ይቅር፣ የተበላሸው ላኪው ሒሳብ ላይ ይውደቅ። መለየት የሰው እጅ ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይፈጃል። አውቃለሁ። ለዚህ ወጪ ልብሱ ትንሽ ይወደድ ከተባለ ደግሞ፣ ይወደድ። ሁለቴ ተለብሶ የሚጣል ቲሸርት ዋጋው ትክክል ሆኖ አያውቅም።

ጫማን ዛሬ ሆን ብዬ አላነሳሁም። ሶሉ በማጣበቂያ የተያያዘ ነው፣ ውስጡ አምስት ስድስት ዓይነት ነገር አለ፤ የእሱ ጣጣ ከልብስም ይብሳል። በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ። ቸር ሰንብቱ።