ኤፍ 1.4 ላይ ዓይንን ጥርት አድርጎ ማንሳት፦ ስለ ሬንጅፋይንደር ካሜራና ሌንሶቹ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና የሙያው ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ጠበብ ያለ ነው። በዲጂታል ሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ ብርሃን በብዛት የሚያስገባ፣ እስከ ኤፍ 1.4 ወይም ከዚያም በላይ የሚከፈት ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እንዴት ይመረጣል? ከተገዛ በኋላስ ፎከሱ እንዳይስት ምን ይደረጋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ገንዘብ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ውድ ሌንስ ይፈታዋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሌንሱ ስንት ድረስ እንደሚከፈት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የያዛችሁት ካሜራ ያንን ሌንስ በትክክል ሊለካው ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ምክንያቱን ለማየት ከአሠራሩ እንነሳ። በዲኤስኤልአርም ሆነ በሚረርለስ ካሜራ የምታዩት ምስል በሌንሱ ውስጥ ያለፈ ነው። በሬንጅፋይንደር ግን በሌንሱ ውስጥ አታዩም። ከካሜራው ፊት ያለው ትልቁ መስኮት የምታዩበት ነው፤ ትንሹ መስኮት ሁለተኛ ምስል እያመጣ መሃል ላይ ባለችው ደማቅ ሳጥን ውስጥ ይደርበዋል። የፎከስ ቀለበቱን ስታዞሩ በሌንሱ ጀርባ ያለው ካም የሚባል የተቀረጸ ጠርዝ በካሜራው አፍ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሮለር ይገፋታል። ሮለሯ በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ ናት፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ሁለተኛው ምስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኤፍ 1.4 ላይም ሆነ ኤፍ 8 ላይ በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው አንድ ነው። የሌንሱን ክዳን ሳታነሱ እንኳ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያችኋል። ፎከሱ ቢስት በመመልከቻው ውስጥ ምንም ምልክት የለም፤ የምታውቁት ፋይሉን ከፍታችሁ ስታዩት ነው።

የሚፈቀደው ስህተት ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። በሙሉ ፍሬም ሴንሰር፣ ሴንሰሩ ላይ እስከ 0.03 ሚሊሜትር የሚደርስ ብዥታን እንደ ጥርት በሚቆጥረው በተለመደው ስሌት፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4 ተከፍቶ 1 ሜትር ላይ ያለ ፊት ሲያነሳ፣ ከፊትም ከኋላም ተደምሮ ጥርት የሚለው 3.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 0.95 ወደ 2.2 ሴንቲሜትር ይወርዳል። 75 ሚሊሜትር በኤፍ 1.4 ከሆነ 1.4 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀራል። 35 ሚሊሜትር በኤፍ 1.4 ግን 6.6 ሴንቲሜትር ይሰጣችኋል። ይህ ስሌት የመጣው ከፊልም ዘመን፣ ከመጠነኛ ህትመት ነው። ዛሬ የ24 ወይም የ60 ሜጋፒክስል ፋይል በስክሪን ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ የሚያይ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በግማሽ ይቀንሳቸው። በፊልም ላይ ለዓመታት ያላስቸገረ ሌንስ ዲጂታል ላይ ሲገጠም "ተበላሸ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ስህተቱ ድሮም ነበረ፣ አሁን ታየ።

ካሜራው ይህን ስህተት ምን ያህል መለየት እንደሚችል የሚወስነው በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት በመመልከቻው ማጉያ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። በላይካ ኤም ካሜራዎች ርቀቱ 69.25 ሚሊሜትር ነው። በ2009 የወጣው ኤም 9 ማጉያው 0.68 ስለሆነ ውጤቱ 47 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ2017 የወጣው ኤም 10 በ0.73 ወደ 50.6 ከፍ ይላል። በ2004 የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ሆኖ የወጣው ኤፕሰን አርዲ 1 ማጉያው 1.0 ቢሆንም በመስኮቶቹ መካከል ያለው ርቀት 38.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዚህ ካሜራ ባለቤት 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.1 ገዝቶ ቅርብ ሰው ሲያነሳ ግማሹ ፎቶ ቢስትበት በእጁ አይፍረድ። መሣሪያው ከዚያ በላይ አይለካም።

አጉሊ መነጽር በዓይን ማያው ላይ ቢጠመዘዝ ይረዳል። የ1.25 እጥፉ ኤም 10ን ወደ 63 ሚሊሜትር፣ የ1.4 እጥፉ ወደ 71 ያደርሰዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የ28 እና የ35 ሚሊሜትር ሌንስ የሚይዘውን የሚያሳዩት የፍሬም መስመሮች ከእይታ ይወጣሉ፣ ምስሉም ትንሽ ይደበዝዛል። ስለዚህ አጉሊውን ለ50 እና ለ75 ያዙት።

ከአጉሊው በፊት ግን ዓይናችሁን ፈትሹ። የላይካ ኤም መመልከቻ ወደ ነጌቲቭ 0.5 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር) ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው፣ ወይም መነጽሩን አውልቆ የሚያነሳ፣ የሳጥኗ ጠርዝ ካልጠራለት ምስሎቹን በትክክል ማገጣጠም አይችልም። የሚጠመዘዙ የዳዮፕተር ሌንሶች ዋጋቸው ከማንኛውም ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ትንሹን መስኮትም በጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት አሻራ ካረፈበት ሁለተኛው ምስል ይፈዛል።

አሁን ወደ ምርጫው። አንድ ሌንስ ብቻ የሚገዛ ሰው 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ወይም 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ወይም 1.5 ይግዛ እንላለን። በ2008 የወጣው የላይካ ኖክቲሉክስ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 0.95 ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን 700 ግራም ይመዝናል፣ ከ1 ሜትር በታች አይጠጋም፣ በመመልከቻውም የታችኛውን ቀኝ ጥግ ይሸፍናል። ከኤፍ 1.4 አንጻር የሚጨምረው ብርሃን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ ገደማ ነው፤ ያንን አንድ ስቶፕ በዛሬ ሴንሰር አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) እጥፍ በማድረግ ታገኙታላችሁ። በኤፍ 0.95 የሚገኘውን የጀርባ መደብዘዝ የምር ለሚፈልግ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ለብርሃን ብሎ የሚገዛው ግን ቢያስብበት ይሻላል። በላይካ ኤም 8 ላይ ሴንሰሩ አነስ ስለሚል 35ቱ እንደ 47፣ በአርዲ 1 ላይ እንደ 53 ሚሊሜትር እንደሚያይም አትርሱ።

አሁን የምንናገረው ብዙ ገዢ ሳይሰማ የሚቀረውን ነው፤ ጊዜ እንስጠው። አንዳንድ ሌንሶች አፐርቸራቸው (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳቸው) ሲቀየር ፎከሳቸው ይንሸራተታል። በሌንሱ ጠርዝ የሚያልፈው ብርሃንና በመሃሉ የሚያልፈው አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሁለቱም ይሠራሉ፤ ወደ ኤፍ 2.8 ሲጠብ የጠርዙ ይቀራል፣ ጥርት የሚለውም ቦታ ከካሜራው እየራቀ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዲኤስኤልአርና በሚረርለስ ሰዎች ይህን አብዝተው አያስተውሉትም። በሬንጅፋይንደር ግን ካሙ የተቀረጸው ለአንድ አፐርቸር ነው፤ አፐርቸሩ ሲቀየር ካሙ አያውቅም።

ዋናው ምሳሌ የዛይስ ሲ ሶናር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.5 ነው። ሥዕሉ ለስላሳ፣ ለፊት እጅግ የሚያምር ነው፤ አሠራሩ ከ1930ዎቹ የሉድቪግ በርተለ ንድፍ የመጣ ነው። ለኤፍ 2.8 የተስተካከለ ሶናር ካጋጠማችሁ፣ በኤፍ 1.5 ከፍታችሁ ዓይን ላይ ስትገጥሙ ጥርት የሚለው ከዓይኑ ፊት ነው። ለኤፍ 1.5 የተስተካከለው ደግሞ በኤፍ 1.5 ልክ ሆኖ በኤፍ 2.8 ወደ ጆሮ ይሸሻል። ሁለቱም አልተበላሹም። የራሳችሁ የትኛው እንደሆነ ፈትናችሁ ዕወቁ፤ ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ከገጠማችሁ በኋላ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዘንበል በማለት ታርሙታላችሁ። ይህን መልመድ የማይፈልግ ሰው ተንሳፋፊ ብርጭቆ (ፎከስ ሲደረግ ለብቻው የሚንቀሳቀስ) ያላቸውን ይምረጥ፤ የላይካ የ2004ቱ ሱሚሉክስ 50 አስፌሪካልና የ2010ሩ ሱሚሉክስ 35 በቅርብ ርቀት ራሳቸውን ያርማሉ። በኪስ አቅም ለሚገዛ፣ የሰቨን አርቲዛንስ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.1 ካሙን ባለቤቱ ራሱ እንዲያስተካክለው ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥራቱ ይወርዳል፣ ለመማሪያ ግን ጥሩ ነው።

ሌንስ ስትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ስትገዙ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ካሜራ ላይ ፈትኑት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ። 1 ሜትር ርቀት ላይ ጥቁር ቁም መስመር ያለበት ካርቶን ከካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ አጠገቡ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድሙ፣ ዜሮው ከካርቶኑ ጋር እኩል ይሁን። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ቀለበቱን ከኢንፊኒቲ (ከሩቁ ጫፍ) አምጥታችሁ ገጥሙና አንሱ፤ አስር ጊዜ፣ በየጊዜው ቀለበቱን መልሳችሁ። አስሩም ወደ አንድ ወገን ከሳቱ መሣሪያው ነው። የተበታተኑ ከሆነ ዓይናችሁ ወይም እጃችሁ ነው። ቀጥሎ በኤፍ 2፣ በ2.8 እና በ4 ድገሙት። ላይቭ ቪው (በሌንሱ ያለፈውን ምስል በስክሪን ማሳያ) ያለው ካሜራ ከሆነ አጉልታችሁ ፎከስ አድርጉና ሳትነኩት በመመልከቻው እዩ፤ ሁለቱ ምስሎች ካልገጠሙ ልዩነቱ እዚያው ይታያችኋል። በመጨረሻ ቀለበቱን ኢንፊኒቲ ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ የራቀ የአንቴና ምሰሶ እዩ፤ ምሰሶው አንድ መሆን አለበት።

ሁሉም ሌንሶቻችሁ ወደ አንድ ወገን ከሳቱ ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ አንዱ ብቻ ከሳተ የሌንሱ። ኢንፊኒቲው ልክ ሆኖ ቅርቡ ከሳተ ደግሞ የክንዱ ርዝመት መስተካከል አለበት። ሮለሯ በ2 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ጎን (አለን) ቁልፍ ትዞራለች፤ ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ለመሞከር ትጓጓላችሁ። እባካችሁ ለለመደው ቴክኒሻን ተዉት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለአንድ የሳተ ሌንስ ሲባል ካሜራውን ማስተካከል ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ያበላሻል።

ወደ አነሳሱ እንምጣ። ሳጥኗ የምትለየው ቁም መስመርን ነው፤ አግድም መስመር ላይ ሁለቱ ምስሎች ሁልጊዜ የገጠሙ ይመስላሉ። አግድም ብቻ ካገኛችሁ ካሜራውን አዙሩት። የሚደጋገም ነገር ያታልላል፤ በጥበብ ጥለት ላይ አንዱ መስቀል ከጎኑ ካለው መስቀል ጋር ይገጥምና ትክክል ይመስላችኋል። ነጭ ነጠላ መሃሉ ላይ ምንም የሚያዝ ነገር የለውም፤ ጠርዙን ፈልጉ።

በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዘው የቆሙ ምእመናንን ስታነሱ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ሬንጅፋይንደር ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተመቸ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ በጨለማም መመልከቻው አይጨልምም። ፊት ላይ ያረፈው የጧፍ ብርሃን በኤፍ 1.4 እና በ1/60 ሰከንድ አይኤስኦ 1600 አካባቢ ይጠይቃል። በኤፍ 4 ቢሆን 12800 በጠየቀ ነበር። ጧፉ ራሱ ቀጭን ቁም መስመር ስለሆነ ሳጥኗ ወዲያው ትይዘዋለች፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ጧፉ የተያዘው ከፊቱ አንድ ስንዝር ቀድሞ ነው። እሱ ላይ የገጠመ ሰው ጣቶቹን ጥርት አድርጎ ፊቱን ያደበዝዛል። ጧፉን እለፉትና በዓይኑ ውስጥ የምታበራውን ነጥብ ያዙ፤ ሁለት ነጥቦች ሆነው ይታዩና ሲገጥም አንድ ይሆናሉ።

ከገጠማችሁ በኋላ ፍሬሙን ለማስተካከል ካሜራውን ስታዞሩ ተጠንቀቁ። 1 ሜትር ላይ ገጥማችሁ 15 ዲግሪ ብታዞሩ፣ ጥርት የሚለው ንጣፍ ከሰውየው 3.4 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ከ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሙሉ ድርሻ ይበልጣል። ያን ያህል ወደ ኋላ ዘንበል ብትሉ ይስተካከላል። ቀለበቱንም ወዲያና ወዲህ አታመላልሱት፤ ከአንድ አቅጣጫ አምጡት፣ ሲገጥም አቁሙ፣ የቀረውን በሰውነታችሁ ጨርሱ። የቆመ ሰው ሳያውቀው ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ለአንድ ፊት ሦስት ፍሬም አንሱ።

ቀን ላይ ችግሩ ይገለበጣል። በቀትር ፀሐይ በአይኤስኦ 200 ኤፍ 1.4ን ክፍት ለማድረግ 1/25000 ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል፤ የኤም 9ም ሆነ የኤም 10 ሻተር በ1/4000 ያበቃል። የሦስት ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ግዙ። ፊልተር ሬንጅፋይንደሩን ስለማያጨልም እዚህ ከሌሎች ካሜራዎች ይልቅ ይመቻል።

ካርቶኑ፣ ማስመሪያውና ሁለት ትራይፖዶች በአዳራሹ ጀርባ ተዘጋጅተዋል። ሌንስ ይዛችሁ የመጣችሁ በየተራ ኑ፤ አስሩን ፍሬም አንስታችሁ ላፕቶፑ ላይ አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።