ሦስት ቀን በጨንቻ፦ ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለችው ጸጥተኛ ከተማ የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ከዓርብ እስከ እሑድ ባለችው አጭር ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ፣ የመኪና ጥሩምባና የድምፅ ማጉያ ጩኸት በማይሰማበት ቀዝቃዛ ስፍራ ለማረፍ ካሰባችሁ፣ ዛሬ የምንነጋገርባት ከተማ ጨንቻ ናት። ጨንቻ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ እርሷ በሚወስደው የተራራ መንገድ ላይ፣ ከተማዋ ከመደረሷ በፊት፣ በሽመናውና በረጃጅም የቀርከሃ ቤቶቹ የሚታወቀው ዶርዜ ይገኛል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ብዙ ጎብኚ ዶርዜን የሚያየው ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በመመለስ ነው፤ ቤት ያያል፣ ቆጮ ይቀምሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይወርዳል። ጨንቻን ደግሞ ጨርሶ ሳያያት ይመለሳል። ጸጥታ ፈልጎ የወጣ ሰው ግን ጸጥታውን የሚያገኘው የጎብኚዎቹ መኪኖች ከወረዱ በኋላ ነው፤ የሚያገኘው ሲመሽ ነው፣ የሚያገኘው ሲነጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ዝግጅት ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ላይ እደሩ። አርባ ምንጭ አድራችሁ ተራራውን አትጎብኙ፤ ተራራው ላይ እደሩ።

[ምስል፦ ሸማኔ በጉድጓድ መሸመኛው ላይ ተቀምጦ]

አሁን ዕቅድ ወደ ማውጣቱ እንምጣ። ዕቅድ ማውጣትን የምረዳው በዚያው በአገሩ ሥራ፣ በሽመና ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ። የዶርዜ ሸማኔ ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ ድሩን ያደራል። ድር ማለት በቁመት የሚወጠረው፣ ጋቢው እስኪያልቅ ድረስ ከቦታው የማይነቃነቀው ክር ነው። ከዚያ በኋላ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ማጉን ያስገባል። ማጉን መቀያየር ይቻላል፤ ቀለሙን መለወጥ ይቻላል፤ ቢበጠስም ቀጥሎ መሄድ ይቻላል። ድሩ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይለወጥም። ድሩ ከተሳሳተ የሚያዋጣው ፈትቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

የአጭር ጉዞ ዕቅድም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት ሁሉንም ነገር ድር ለማድረግ መሞከራችን ነው፦ በሦስት ሰዓት ቁርስ፣ በአራት ሰዓት ጉብኝት፣ በስድስት ሰዓት ምሳ፣ በሰባት ሰዓት ሌላ ጉብኝት። እንዲህ ያለ ድር ከመጠጋጋቱ የተነሣ መወርወሪያው አያልፍበትም። አንዲት ደመና በመንገዱ ላይ ስትወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ለቡና ሲጋብዟችሁ ዕቅዱ በሙሉ ይበጠሳል። ሌሎቻችን ደግሞ «ስንደርስ እናያለን» ብለን ምንም ድር ሳናደራ እንነሣለን፤ ያለ ድር ደግሞ የሚሸመን ነገር የለም። ለጨንቻ የሚያስፈልጉት የድር ክሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ የገበያው ቀን፣ የምታድሩበት አልጋና ተራራውን በቀን ብርሃን መውጣትና መውረድ። ሌላው ሁሉ ማግ ነው።

ጥለትስ? ጥለት በጨርቁ ጠርዝ ላይ የሚወጣው ጌጥ ነው። ለእኔ የጫሞ ሐይቅ የጀልባ ሽርሽርና አዞ ማየት የዚህ ጉዞ ጥለት ነው፤ ያምራል፣ ቢኖር ደስ ይላል፣ ጊዜ ከተረፈ በመጨረሻው ላይ ይገባል። ጥለቱን ይዞ ጋቢው የጠፋበትን ሰው ግን ብርድ ይጫወትበታል። (ሸማኔዎች ይህንን ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ያጎደልኩትን በአስተያየት መስጫው ላይ ሙሉልኝ፤ ቻናሉን ያልተቀላቀላችሁም በዚያው ተቀላቀሉ።)

እንግዲህ መንገዱን በአጭሩ ልጨርሰው፤ መቼም ትኬት መቁረጥ አላስተምራችሁም። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በሻሸመኔ በኩል ከሄዳችሁ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይወስድባችኋል፤ ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው አልመክረውም። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ጥቂት ከተጓዛችሁ በኋላ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ሽቅብ ትጀምራላችሁ። ርቀቱ አጭር ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ መያዙን አስቡ። ከኋላችሁ ቀይ ቡናማው የአባያ ሐይቅ እየሰፋ ሲመጣ ስለምታዩ፣ ሾፌሩን ለፎቶግራፍ ማስቆማችሁ አይቀርም። ጥሬ ገንዘብ አርባ ምንጭ ላይ አውጥታችሁ ያዙ። ዓርብ ስትደርሱ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀጥታ ውጡ። መንገዱ ይኸው ነው።

ወደ አልጋው ልሻገር ስል ግን አንድ ጉዳይ አላሳልፍ አለኝ። ስለ ደቡብ ጉዞ በተነጋገርን ቁጥር የሚመጣ አስተያየት አለ፦ «ደቡብ እኮ ሙቀት ነው፤ ለአርባ ምንጭ ጃኬት ምን ያደርጋል?» የሚል። አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌሎች ይደግፉታል፣ ከዚያ ቲሸርትና ነጠላ ጫማ ይዘው ጨንቻ ይደርሳሉ። ይህ እንዳይደገም ቆም ብለን እንየው።

አርባ ምንጭ ሞቃት መሆኗ እውነት ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናትና። ነገር ግን የአንድን ቦታ ሙቀት የሚወስነው ደቡብ ወይም ሰሜን መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በእኛ አገር በዋናነት የሚወስነው ከፍታው ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ትቀንሳላችሁ ማለት ነው። እዚያ ላይ ጉምና ነፋስ ጨምሩበት። አሁንም ያልተዋጠላችሁ ካላችሁ ሌላ ማነጻጸሪያ ልስጣችሁ፦ ጨንቻ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች፤ በከፍታ ማለቴ ነው። በሐምሌ ሹራብ ለብሶ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 300 ሜትር ያህል ከፍ ወደምትል ከተማ በቲሸርት ሲወጣ ምን እንደሚያስብ አይገባኝም።

ቁጥር የማያሳምነው ሰው ደግሞ ዛፉን ይመልከት። ጨንቻ በአገራችን በአፕል ምርቷ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። የአፕል ዛፍ እንደ ልብ የሚያብበውና የሚያፈራው በቂ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ነው፤ ማንጎና ሙዝ የሚወድደው የአርባ ምንጭ ቆላ ለእርሱ አይስማማውም። ከታች ሙዝ በልታችሁ፣ በዚያው ቀን ከላይ በአፕል ዛፎች አጠገብ ትሄዳላችሁ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የምትፈልጉ ከሆነ ሌሊቱ ራሱ ያስረዳችኋል። ስለዚህ ጋቢ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ። ጋቢ የሌለው አይጨነቅ፤ የሚሄደው የጋቢ አገር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተትም አለ። የአዲስ አበባን ክረምትና በጋ ይዘን ወደዚያ መሄድ የለብንም፤ በአርባ ምንጭና በአካባቢው ዝናቡ የሚበረታው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ በመጸው ደግሞ እንደገና ይመጣል። ደረቁን ወቅት የምትፈልጉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ምረጡ። በመስቀል ሰሞን ደግሞ፣ ጸጥታ ፈላጊ ከሆናችሁ፣ አትሂዱ። መስቀል የጋሞ ሕዝብ ታላቅ በዓል ነው፤ በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳና በሌሎች ከተሞች የሚሠሩ ሸማኔዎች ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱበት ጊዜ ስለሆነ መኪናውም አልጋውም ይጣበባል። በዓሉን ለማየት መሄድ ግሩም ነው፤ ያ ግን ሌላ ጉዞ ነው፣ ሌላ ዕቅድም ይፈልጋል።

[ምስል፦ የዶርዜ ቤት ከፊት ለፊት]

አልጋውን በተመለከተ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በጨንቻ ከተማ ባሉት አነስተኛ ሆቴሎች ማደር ነው፤ ቅንጦት አትጠብቁ። ሁለተኛው፣ እኔ የማደላለት፣ በዶርዜ በባህላዊው ቤት አሠራር በተሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ማደር ነው። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚቆም፣ ከፍ ብሎ ከፊቱ ወጣ ያለ በር ያለው ሲሆን የአካባቢው ሰው የዝሆን ፊት ያስመስለዋል። የሚደንቀኝ እርጅናው ነው። ከመሬት ጋር የሚነካካውን የቀርከሃውን ጫፍ ምስጥ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ስለሚነሣ፣ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ መንደሩ ውስጥ ስትዘዋወሩ ረጅሙ ቤት አዲሱ፣ አጭሩ ቤት አሮጌው መሆኑን ያለ አስጎብኚ ማወቅ ትችላላችሁ። ቤቱ ቦታ መቀየር ካስፈለገውም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ትንሽ ቅናት ሳያሳድር አይቀርም።

ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ነው፤ ዓርብ ውጡ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው። ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ ይገበያሉ። ቢሆንም ከመነሣታችሁ በፊት ለምታድሩበት ቤት ደውላችሁ አረጋግጡ፤ በዓል የገበያ ቀን ሊያዛባ ይችላልና። ገበያው ላይ ፈትል፣ ጋቢ፣ ዱንጉዛ የሚባለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው የሽመና ጨርቅ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ የሸክላና የቀርከሃ ዕቃ ታገኛላችሁ። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ስለዚህ ጋቢ ስትገዙ የሁለት ሰው ድካም መግዛታችሁን አትርሱ። መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ለቡናና ለኬክ በምታወጡት ገንዘብ ልክ ከሸማኔ ጋር ግማሽ ሰዓት መጨቃጨቅ ነውር ይመስለኛል።

ከገበያው በኋላ ያለውን ጊዜ አልሞላላችሁም። በእግር ሂዱ። በእንሰት ማሳዎች መካከል ባሉት መንገዶች ስትሄዱ፣ እንሰቱ ሲፋቅ ወይም ቆጮው ከተቀበረበት ሲወጣ ታዩ ይሆናል። ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ ሲቀርብላችሁ ዳጣውን በጥቂቱ ጀምሩ፤ ያቃጥላል። ሰው ሲሠራ ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ የምታዩበት ሰፊ ሜዳ ዱቡሻ ይባላል፤ የአካባቢው ጉዳይ የሚመከርበትና ዕርቅ የሚወርድበት ስፍራ ስለሆነ በአክብሮት እለፉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶችን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሷቸው የጋሞ አባቶች የዚህ ሥርዓት ሰዎች ናቸው።

እሑድ መውረጃው ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣ በረራ ከያዛችሁ፣ ጉሙ እስኪገልጥ ጠብቃችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ ውረዱ፤ በረራው ጠዋት ከሆነ ግን ይህ ዕቅድ አይሠራም፣ ምክንያቱም በጨለማ ያንን ቁልቁለት መውረድ ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ መጀመሪያ የእሑዱን ሰዓት ተመልከቱ፤ የከሰዓት በረራ ከሌለ ሰኞን ፈቃድ ውሰዱና ቅዳሜም እሑድም ላይ እደሩ። አለቃችሁ ከጠየቋችሁ ይህንን ቪዲዮ አጋሯቸው፤ እግረ መንገዳቸውንም ቻናሉን ይቀላቀሉ።