ቅሬ እና እርከን፦ የወሎን ተራራ ማን ያለማዋል?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ወሎ ነን። ከደሴ ወጣ ብላችሁ ቀና ስትሉ ተራራው እርከን በእርከን ነው። አንዱ እርከን ሳይነካ ቆሟል፤ ሌላው ፈርሶ ከብት ይመላለስበታል። ድንጋዩ ያው፣ ዝናቡ ያው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱን እኔ የማገኘው ቅሬ ውስጥ ነው። እድራችሁን አስቡት፤ የወሎው ቅሬ ማለት ነው። ሌሊት ሰው ይሞታል። ጥሪ ይሰማል። ሁሉም ይወጣል። መቃብር የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ እንጨት የሚፈልጠው ይፈልጣል፣ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ለለቀስተኛው ምግብ ያዘጋጃሉ። በብዙ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ይባረራል። ከቅሬ የተባረረን ደግሞ ማን ይቀብረዋል? ለዚህ ነው የቅሬ ዳኛ ሲናገር የሚሰማው። ፖሊስ የለም፣ አበል የለም። ዛሬ እኔ ላንተ እወጣለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ትወጣለህ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ማህበራዊ ካፒታል የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ መተዋወቅ፣ መተማመን፣ የጋራ ደንብ።

እርከንም እንዲሁ ነው። የላይኛው ባለማሳ ውሃውን ካልያዘ ጎርፉ የታችኛውን ጠርጎት ይሄዳል። ቦረቦር ብቻውን የዘጋ ሰው የለም።

የማህበራዊ ካፒታልን ንድፈ ሐሳብ ቶሎ ልበለው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ መንደር ከመንደር፣ መንደር ከግብርና ጽሕፈት ቤት። ሦስቱም ግንኙነት ያስፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም ያሳየችው፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው የጋራ ሀብትን መጠበቅ እንደሚችሉ ነው። ስለ እሷ ለብቻ እመለሳለሁ፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

አሁን ኮሜንት ላይ ወደሚደጋገመው ነገር። «የወሎ ገበሬ ስንዴ ለምዷል፣ ካልከፈሉት አካፋ አያነሳም።» ይሄን ሳልመልስ አላልፍም። በደርግ ዘመን ብዙው እርከን የተሠራው በምግብ ለሥራ ነው። ሰው የቀን ሥራውን ሠርቶ እህልና ዘይት ይቀበላል። የቱ ተራራ እንደሚከለል፣ ማለትም ከብት እንዳይገባበት እንጨት እንዳይቆረጥበት እንደሚዘጋ፣ የተወሰነው ግን ከላይ ነው። ሣሩን ማን ያጭዳል? ዛፉ የማን ነው? ለገበሬው የነገረው የለም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው እርከን ፈረሰ፣ የተከለለው ተራራ ተመነጠረ። ይህን ያየ ሰው «ሰነፍ» ይላል። ግን ያው ገበሬ፣ በዚያው ዘመን፣ ቅሬ ሲጠራው ያለ አንድ ኪሎ ስንዴ ይወጣ ነበር! ያው ገበሬ! ደቦ ይወጣ ነበር፣ ወንፈል ይገባ ነበር። ስንዴውን የተቀበለው ርቦት ነው። እባካችሁ ይህን ስም አትለጥፉበት።

ደግሞ ቅሬ ስላለ ሁሉ ነገር ተፈታ አልልም። መሬት የሌለው ወጣት አለ፤ ከብት የሌላት እማወራ አለች። ከተከለለ ተራራ መጀመሪያ የሚገኘው ሣር ነው። ከብት ለሌለው ሣር ምን ይሠራለታል? እዚያው ቀፎ ሰቅሎ ማር እንዲቆርጥ ድርሻ ይሰጠው። ካልተሰጠው፣ ማታ እንጨት ሲቆርጥ ቢገኝ እኔ አልፈርድበትም። ደንቡ ሲወጣ እሱም እሷም መቀመጥ አለባቸው።

እናንተ ሰፈር የተከለለ ተራራ ካለ፣ ሣሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ከታች ጻፉልኝ። ያጣላችሁን ነገር ጭምር። ቀጣዩን ቪዲዮ ከእሱ ተነስቼ ነው የምሠራው።