ጣሪያው ይከፈት፣ መስታወቱ ይዘጋ

ሄኖክ፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ማህሌትን ልከሳት ነው የተቀመጥኩት። ክሱ ይሄ ነው፦ በጥር ወር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሰው ካፖርት ላይ ካፖርት ደርቦ በሚሄድበት ብርድ፣ ይቺ ልጅ የመኪናዋን ጣሪያ ከፍታ ትነዳለች።

ማህሌት፦ አምኛለሁ። ቀጥል።

ሄኖክ፦ ትንሽ እንኳን አትከራከሪም?

ማህሌት፦ የምከራከረው በሌላው በኩል ነው። እኔ የማይገባኝ ሰመር ላይ የሚከፍተው ሰው ነው። እስቲ አስበው፣ ሐምሌ ላይ ዲሲ 95 ፋራናይት ገብቶ፣ ከነወበቁ፣ ቤልትዌይ፣ የከተማው ቀለበት መንገድ ላይ ተገትረህ፣ ፀሐይዋ አናትህን እየጠበሰችው፣ ከጎንህ የቆመው የጭነት መኪና ጭሱን እየለቀቀብህ። ኤሲ ብትከፍት ቅዝቃዜው ሳይነካህ ይበተናል። ወንበሩ ጥቁር ከሆነማ አትቀመጥበትም። ይሄ ነው እንግዲህ ሰው ደስታ የሚለው።

ሄኖክ፦ ማስታወቂያው ላይ ግን ሁሌ ባሕር ዳርቻ ነው የሚያሳዩት። ፀሐይ፣ መነጽር፣ የሚበር ፀጉር።

ማህሌት፦ ማስታወቂያው ላይ ትራፊክ የለማ! የክፍት መኪና ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ፀሐይ ወጥታ ብርድ ያለበት ቀን፣ መንገዱ ደረቅ የሆነበት። ከዚያ የተሻለ ነገር የለም።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ለአድማጮቻችን መኪናዋን እናስተዋውቅ። ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ አጭር፣ እኔ ስገባ ጉልበቴ አገጬን የሚነካባት መኪና።

ማህሌት፦ ረጅም ስለሆንክ ነው፣ መኪናዋ ምን አደረገችህ። ሚያታ በፈረንጆቹ 1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ነው የወጣችው። ሐሳቡ ከድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች የመጣ ነው፣ ኤምጂ፣ ትራየምፍ፣ ሎተስ ከሚሏቸው። ቀላል፣ ትንሽ፣ ሞተር ከፊት፣ ግፊቱ ከኋላ ጎማ። ልዩነቱ ጃፓኖቹ ጠዋት ጠዋት የምትነሳ አድርገው ሠሯት። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋን አመረቱ። ለሁለት ወንበር መኪና ይሄ በጣም ብዙ ነው። እና አስተውለህ ከሆነ እንግሊዝ አገር ፀሐይ የለም። ይሄንን መኪና የወደደው ዝናብና ብርድ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው።

ሄኖክ፦ ፀሐይ ሲያዩ የሚከፍቱት ስለሚናፍቃቸው ነው እንጂ።

ማህሌት፦ ይሁን። ግን መጀመሪያውኑ መኪና ማለት ክፍት ነበር። እስከ 1920ዎቹ ድረስ ብዙው መኪና ጎኑ ክፍት ነው፣ ጣሪያው ሸራ ነው። ሰው የቆዳ ካፖርቱን፣ ጓንቱን፣ የዓይን መከላከያውን አድርጎ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ዊንተሩን ሙሉ ይነዳ ነበር። ሂተር የሚባል ነገር የለም። እኔ የሚሞቅ ወንበር ይዤ ነው እብድ የተባልኩት።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ወደ እውነተኛው ጉዳይ እንግባ። እኛ እኮ የሚኒባስ መስኮት በጣት ስፋት ሲከፈት «ወንድሜ፣ ዝጋልን» የምንል ሕዝብ ነን። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሰው ታጭቆ፣ ላብ ሆኖ፣ ነፋስ ከሚገባ መታፈን ይሻላል የምንል። አንቺ ከዚያ ታክሲ ወርደሽ እንዴት እዚህ ደረስሽ?

ማህሌት፦ ስለ ታክሲው መስኮት ትክክል ነው የሚሉት! ሳቅህን ትተህ ስማኝ። ከጎን የሚገባ ነፋስ ነው የሚያስጠላው። ጣሪያ ከፍተህ ስትነዳ የመጀመሪያው ሕግ የጎን መስታወቶቹ ወደ ላይ ተዘግተው ይቆዩ ነው። ጣሪያው ብቻ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ነፋሱ ከፊት የሚመጣ ይመስለዋል፣ አይደለም። የፊት መስታወቱ አየሩን ወደ ላይ ወርውሮ ከአናትህ በላይ ያሳልፈዋል። ከኋላህ ሲደርስ ግን ይጠቀለልና ተመልሶ ማጅራትህን ነው የሚመታህ። ለዚህ ነው ከወንበሮቹ ኋላ መረብ ወይም መስታወት የሚቆመው፣ ዊንድ ዲፍሌክተር የሚሉት። እሱ ካለ ተመላሹ ነፋስ ይሰበራል። ከሌለ ደግሞ ፀጉርህ ወደ ፊት ነው የሚበረው፣ አፍህ ውስጥ ይገባል።

ሄኖክ፦ እኔ መላጣ ነኝ፣ ቀጥዪ።

ማህሌት፦ እንግዲያው አንተ ኮፍያ ነው የሚያስፈልግህ። ጠባብ የሱፍ ኮፍያ፣ ጆሮ የሚሸፍን። ቤዝቦል ኮፍያ ሃይዌይ ላይ ይበርና የሰው መኪና ላይ ያርፋል።

ሄኖክ፦ ነፋሱ ግን ብርዱን ያባብሰዋል አይደል? ዜናው ላይ ዊንድ ቺል እያሉ የሚናገሩት።

ማህሌት፦ አዎ፣ እሱ እውነት ነው። አየሩ 40 ፋራናይት ሆኖ፣ በሴልሺየስ 4 ገደማ ማለት ነው፣ በሰዓት 35 ማይል የሚሄድ ነፋስ ፊትህን ቢያገኘው የሚሰማህ 28 ነው፣ ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ነጥብ በታች። ግን ይሄ ሒሳብ ነፋሱ ለሚያገኘው እርቃን ቆዳ ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ከሆንክ ሒሳቡ አንተን ይመለከታል። መስታወት ዘግተህ፣ ዝቅ ብለህ ከተቀመጥክ ግን ያ ነፋስ ከላይህ ነው የሚያልፈው። ከታች ደግሞ ሂተሩ አለ። የቤንዚን ሞተር ሙቀቱን ዝም ብሎ ነው የሚጥለው፣ ሂተሩ ያንን የሚጣል ሙቀት ነው ወደ እግርህ የሚያመጣልህ፣ ስለዚህ ሙሉውን ብትከፍተው ለሙቀቱ የምትከፍለው ነዳጅ የለም። የሚያታ ውስጥ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል። እግርህ ይሞቃል፣ ጀርባህን ወንበሩ ያሞቀዋል፣ ፊትህ ላይ ብቻ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ አየር። ሶደሬ በጠዋት ፍልውሃው ውስጥ እስከ አንገትህ ገብተህ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው።

ሄኖክ፦ አሁን ልቤን ነካሽው። ሶደሬን ባታነሺ ይሻል ነበር።

ማህሌት፦ ሆን ብዬ ነው! ጀርመኖቹ ደግሞ ይሄን ነገር ጥግ ድረስ ወሰዱት። መርሴዲስ በ2004 ኤስኤልኬ የሚባለው ክፍት መኪናው ላይ የአንገት ሂተር አመጣ። ከወንበሩ ጭንቅላት መደገፊያ ውስጥ ሞቃት አየር ማጅራትህ ላይ ይነፍሳል፣ የማይታይ ስካርፍ በለው። ኋላ የፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ክርክር ተነሳበትና በ2016 የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፣ ፓተንቱ ጊዜው እስኪያልቅ እዚያው ጀርመን ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ያንን ነገር የያዘ መኪና መሸጥ ተከለከሉ። ለአንገት ሙቀት እስከዚያ ድረስ ፍርድ ቤት የሚቆም ሕዝብ ነገሩን ንቆት አይደለም።

ሄኖክ፦ ሚያታሽ ላይ አለ?

ማህሌት፦ የለም። እኔ ጋቢ አለኝ።

ሄኖክ፦ ምን?

ማህሌት፦ ጋቢ! እግር ላይ፣ ጫፉ ወንበሩ ስር ገባ ብሎ። ለተሳፋሪው ነው በተለይ፣ ሹፌሩ እግሩን ማንቀሳቀስ አለበት፣ ፔዳል ላይ እንዳይጠላለፍ። ነጠላ ደግሞ እንዳትሞክር፣ ይበራል።

ሄኖክ፦ እማዬ ጋቢውን በሰው ስትልክልኝ ለዚህ እንደሚውል ብታውቅ...

ማህሌት፦ ትሰድበኛለች። የኔም እናት ትሰድበኛለች። «ብርድ ይገባብሻል፣ ሳንባሽን ይመታሻል።» ጉንፋን ቫይረስ ነው ብዬ አስረዳኋት፣ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፣ እንዲያውም ዊንተር ላይ የሚበዛው ሰው ቤት ዘግቶ አንድ ላይ ስለሚቀመጥ ጭምር ነው አልኳት። ሰማችኝና ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «እሺ፣ ስካርፍ አድርጊ።»

ሄኖክ፦ ክርክር አሸነፈች ማለት ነው።

ማህሌት፦ ስካርፍ ማድረግማ ግዴታ ነው፣ ጫፉን ጃኬት ውስጥ ከትተህ። ጓንት ቀጭን የቆዳ፣ ወፍራም ከሆነ መሪው ይሸሽሃል። መነጽር፣ ዓይንህ ያለቅሳል ያለዚያ። አፍንጫህ ይፈሳል፣ ሶፍት ያዝ። እሱን አልደብቅህም።

ሄኖክ፦ የት ነው የምትሄጂው ግን? ለቢሮ መንገድ እንዲህ ሁሉ መዘጋጀት...

ማህሌት፦ ስካይላይን ድራይቭ። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ተራራው ጫፍ ጫፍ ላይ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ። ከዚህ በ66 ቁጥር ሃይዌይ ወደ ምዕራብ ሄደህ ፍሮንት ሮያል ላይ ትገባለህ። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው፣ ይሄ ደግሞ ለክፍት መኪና ልክ የተሰፋ ነው። ጥቅምት ላይ ቅጠሉን ለማየት ዓለም ሁሉ ይመጣል፣ መኪና በመኪና ላይ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ማንም የለም። ቅጠሉ ረግፏል፣ ስለዚህ ሰመር ላይ ዛፍ የሚጋርድህ ሸለቆ ሁሉ እንዳለ ተከፍቶ ይታይሃል። ጣሪያ ከሌለህ የእንጨት ጭስ ይሸትሃል፣ ወፍ ትሰማለህ፣ ጥላ ውስጥ ስትገባና ስትወጣ ብርዱ ሲለዋወጥ ፊትህ ላይ ታውቀዋለህ። ዝግ መኪና ውስጥ ይሄ ሁሉ ቴሌቪዥን ነው። በረዶ ወይም ግግር ሲኖር ግን መንገዱን ይዘጉታል፣ ከመሄድህ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ማየት ነው። አጋዘንም አለ፣ ድንገት ነው የሚገባብህ።

ሄኖክ፦ ዲሲ ውስጥ በክፍት መኪና የሄደ ትልቅ ሰው ልንገርሽ? ጃንሆይ። ጥቅምት 1 ቀን 1963፣ በፈረንጆቹ፣ ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ገብተው ከኬኔዲ ጋር ጎን ለጎን በክፍት ሊሞዚን ከተማውን አቋርጠዋል። ፎቶው አለ።

ማህሌት፦ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ ነው ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደለው። በዚያው ዓይነት፣ ክፍት መኪና ውስጥ።

ሄኖክ፦ አዎ። ... እሺ፣ ወደ ደስ የሚለው እንመለስ። አዲስ አበባ ይሠራል ይሄ ነገር?

ማህሌት፦ በአየሩማ ከዲሲ ይበልጣል! ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ብሩህ ነው፣ ጠዋትና ማታው ይበርዳል፣ ዝናብ የለም። እንጦጦ ላይ ጣሪያ ከፍተህ በጠዋት ስትወጣ አስብ። ግን አቧራው፣ የአይሱዙው ጭስ... ነጭ ሸሚዝህ ይሰናበትሃል። ደግሞ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መሆን አለበት። ጣሪያው የሚከፈት ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጥቂት ነው ያለው፣ ሂተሩም ባትሪውን ይበላዋል።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ሕልም ነው።

ማህሌት፦ ለጊዜው።

ሄኖክ፦ እዚህ ያለ ሰው ልግዛ ቢልስ? እኔ አይደለሁም፣ «ጓደኛዬ» ነው።

ማህሌት፦ ለ«ጓደኛህ» ንገረው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይግዛ። ሚያዝያ ላይ ሁሉም ክፍት መኪና ያምረዋል፣ ዋጋው ይወጣል። ብርዱ ላይ ሻጩ መኪናው በረንዳ ላይ ቆሞ ስለሚያናድደው ይደራደርሃል። ሸራውን አይ፣ ስፌቱን፣ መታጠፊያው ጋ የሳሳ እንዳለ። ከወንበር ኋላ ያለውን ምንጣፍ በእጅህ ዳስሰው። እርጥብ ከሆነ የውሃ መውረጃዎቹ በቅጠል ተደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ከስር ዝገት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች የኋላ መስኮታቸው ፕላስቲክ ነው፣ ብርድ ላይ ይደርቅና ስታጥፈው ይሰነጠቃል። ሸራ ራሱ በጣም ሲበርድ መታጠፍ አይወድም፣ ማንዋሉ ከስንት ዲግሪ በታች አትክፈት እንደሚል ማንበብ ነው። እኔ መኪናው ጋራዥ ውስጥ እያለ ነው የምከፍተው፣ ወይ ሂተሩ ትንሽ ካሞቀው በኋላ። እርጥብ ሸራ ደግሞ አጥፈህ አትተወው፣ ይሻግታል።

ሄኖክ፦ ጎማስ?

ማህሌት፦ ዋናው እሱ ነው እንዲያውም። ብዙ የስፖርት መኪና በሰመር ጎማ ነው የሚሸጠው። ከ45 ፋራናይት በታች ያ ጎማ ይደነድናል፣ መንገዱ ደረቅ ቢሆን እንኳን አይዝም። የዊንተር ወይም የአራት ወቅት ጎማ ያስፈልጋል። ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ የማይታይ በረዶ ሊኖር ይችላል፣ እዚያ ላይ ጀግና መሆን የለም። ዝናብ ቢመጣ ደግሞ አትደንግጥ፣ በፍጥነት እየሄድክ ከሆነ ካፊያው ከላይህ ነው የሚያልፈው።

ሄኖክ፦ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሚስ?

ማህሌት፦ ትበሰብሳለህ። ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ያይሃል። ፈገግ ትላለህ።

ሄኖክ፦ እኔ እኮ ያሳፍረኛል። ሐበሻ ሬስቶራንት በር ላይ በዚያ ሁኔታ ብደርስ አንድ ዓመት ይወራብኛል።

ማህሌት፦ ይወራብህ። እዚህ አገር ሰው ሥራ፣ ቤት፣ ሁለተኛ ሥራ ነው፣ ዊንተሩን ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቢሮ እየሮጠ ነው የሚጨርሰው፣ ሰማይ ሳያይ። እኔ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ውጪ ነኝ። እሑድ ና፣ እንሂድ።

ሄኖክ፦ ስንት ዲግሪ ነው እሑድ?

ማህሌት፦ 40።

ሄኖክ፦ 55 ሲሆን ጥሪኝ።

ማህሌት፦ 55 እኮ ቲሸርት ነው! 42።

ሄኖክ፦ 50። ከነጋቢው።

ማህሌት፦ 45፣ ጋቢውም ያንተ፣ ቡናውም በኔ። ከዚያ አልወርድም።

ሄኖክ፦ አልወጣም ነው የሚባለው። እሺ፣ 45። አድማጮች፣ ሰኞ ድምፄ ከተዘጋ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።