የሰይጣኑ ወንፊት፦ በኖራ ድንጋይ ሸለቆዎች ውስጥ በብስክሌት

ክቡራትና ክቡራን፣ የብስክሌት ወዳጆች፤

ንግግሬን በአንድ ሰይጣን ልጀምር። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ካኦር በምትባል ከተማ፣ በሎት ወንዝ ላይ ሦስት ማማ የተሸከመ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ቫላንትሬ ይባላል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1308 ተጀምሮ 70 ዓመት ያህል ፈጅቷል። የአገሬው ሰው እንደሚያወራው፣ ሥራው አልገፋ ያለው ግንበኛ ነፍሱን ሊሰጥ ከሰይጣን ጋር ተዋዋለ፤ ሰይጣኑም በበኩሉ የታዘዘውን ሁሉ ሊፈጽም። ድልድዩ ሊያልቅ ሲል ግንበኛው ብልሃት መጣለት። ወንፊት ሰጠውና «ለሠራተኞቼ በዚህ ውሃ ቅዳልኝ» አለው። ሰይጣኑ ወረደ፣ ቀዳ፣ ወጣ፤ ጠብታ የለም። በንዴት ከመካከለኛው ማማ ጫፍ አንድ ድንጋይ ነቀለ፤ ቀን ሲተኩት ሌሊት ወልቆ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1879 ድልድዩን ያደሰው አርክቴክት ፖል ጉ፣ ድንጋይ ለመንቀል የሚታገል ትንሽ ሰይጣን አስቀርጾ እዚያው ማማ ላይ ተከለበት። ዛሬም ይታያል።

ተረቱን ያመጣሁት ወንፊቱን ፈልጌ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ፣ ካኦር ያለችበት የኖራ ድንጋይ አገር፣ ኬርሲ፣ ራሱ ወንፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ የተወለደው ባሕር ውስጥ ነው፤ የሞቱ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ተደራርቦ፣ ተጭኖ፣ ድንጋይ ሆነ። ዝናብ ሲዘንብ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፤ ያ ውሃ ደካማ አሲድ ነው። የድንጋዩን ስንጥቅ ቀስ በቀስ እየላሰ ያሰፋዋል፤ ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ዋሻ ይሆናል። ስለዚህ አምባው ላይ የዘነበው ዝናብ ጅረት ሳይሠራ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚሁ አካባቢ በስተሰሜን ፓዲራክ የሚባል 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 የዋሻ አሳሹ ኤዱዋር አልፍሬድ ማርቴል በገመድ ወርዶ ቢያይ፣ ከሥሩ ወንዝ ይፈስሳል። ከላይ ደረቅ መሬት፣ ከታች ጀልባ የሚያስቀዝፍ ውሃ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከባሕር የተወለደው ድንጋይ ጀርባው ላይ የሚጠጣ ነገር የለውም።

ይህን ለምን ለብስክሌተኛ አወራለሁ? ምክንያቱም እዚያ አገር መንገዱም፣ መንደሩም፣ ጸጥታውም ውሃውን ተከትሎ የተቀመጠ ነው። አምባው ላይ፣ እነሱ «ኮስ» በሚሉት፣ ሰው ጥቂት ነው፤ በግ፣ አጭር የባሉጥ ዛፍና ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር ይበዛል። ሕዝቡ የሰፈረው ምንጩ የሚፈልቅበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ሸለቆው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ያለችው ትንሽ ለም መሬት ለእርሻ ትፈለጋለች። ስለዚህ ቤቶቹ ወደ ገደሉ ተገፉ። ሳን ሱልፒስ የምትባለውን መንደር ስታዩ ይገባችኋል፤ ጀርባቸውን ለገደሉ የሰጡ፣ ድንጋዩ እንደ ጣሪያ ያጠላባቸው ቤቶች አሉ።

ሳን ሱልፒስ ያለችው በሴሌ ወንዝ ሸለቆ ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ሸለቆ ነው፤ ሎት ትልቁ ወንዝ ነው፣ ውብም ነው፣ ግን መንገዱ ላይ መኪና ይበዛል። ሴሌ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከፊዣክ ከተማ ተነስታችሁ ሴሌ ከሎት እስከሚገናኝበት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙን ተከትላችሁ ስለምትወርዱ መንገዱ ብዙ አያደክምም። ጉልበታችሁ የጠነከረ ይመስላችኋል። አትመኑት፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ፊዣክ ውስጥ ሳትነሱ አንድ ሰዓት ስጡ። የጥንቷን ግብፅ የሥዕል ጽሕፈት፣ ሂሮግሊፍን፣ የፈታው ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1790 የተወለደው እዚያ ነው፤ ከትውልድ ቤቱ አጠገብ ባለ ግቢ መሬት ላይ ለዚያ ፍቺ ቁልፍ የሆነው የሮዜታ ድንጋይ ጽሑፍ በግዙፉ ተቀርጾ ተነጥፏል፤ ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ሻምፖሊዮን ግኝቱን ያሳወቀው በ1822 ነው። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1922፣ በዚሁ ሸለቆ በሌላኛው ጫፍ፣ ከካብረሬ መንደር በላይ ሁለት ልጆች በጠባብ ቀዳዳ ተሽሎክልከው ፔሽ ሜርል ዋሻ ውስጥ ገቡ። ነጠብጣብ ያለባቸው ፈረሶች ግድግዳው ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ ዕድሜያቸው 29,000 ዓመት ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ጎብኚ ዛሬም የሚገባው ወደ እውነተኛው ዋሻ ነው፤ ግን በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ጃኬትም ያዙ፤ ከመንደሩ ወደ ዋሻው ያለው ዳገት አጭር ግን ጨካኝ ነው፣ በላብ ተነክሮ ወደዚያ ቅዝቃዜ መግባት ጥሩ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ኤስፓኛክ አለች፤ የድሮ የሴቶች ገዳምና የእንጨት ማገር ያለው ጉልላት የጫነ የደወል ማማ ያላት። ቀጥሎ ማርሲያክ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በተዋጉበት በመቶ ዓመቱ ጦርነት የተዘረፈው ገዳም ፍርስራሽ አሁንም ሰማይ ከፍቶ ቆሟል። እዚያ ብስክሌቴን ግድግዳ አስደግፌ ዳቦ በልቻለሁ። የሰማሁት የወንዙን ድምፅና የገዛ ካቴናዬን ጩኸት ብቻ ነበር፤ ዘይት አልቀባሁትም ነበር።

አሁን ስለ ስህተቴ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ ሸለቆው ሲያሳስቀኝ ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አምባው ልውጣ አልኩ። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ 200 ሜትር ከፍታ በ4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም አምስት በመቶ ዳገት። ወጣሁ። ላይ ስደርስ ከሁለቱ ኮዳዎቼ አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላው ግማሽ። ካርታው ላይ ወንዝ የለም፣ ጅረት የለም፣ ያየሁት ኩሬም የደረቀ ነው። ነጩ ድንጋይ ፀሐይዋን መልሶ ፊቴ ላይ ይረጫታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስዳክር ቆይቼ ያዳነኝ የሙታን ሰፈር ነው፤ የመንደር መካነ መቃብር። ፈረንሳይ ውስጥ የአበባ ውሃ ማጠጫ ቧንቧ በአብዛኛው መቃብር ቦታ አይጠፋም። «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን አይታችሁ ቅዱ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የመስቀል ምልክት ነው።

ካርታ ካልኩ፣ በሚሽላን የወረቀት ካርታ ላይ ቀዩንና ቢጫውን መስመር ተዉት፤ ነጩን ተከተሉ። ነጩ መንገድ ጠባብ ነው፣ አንዳንዴ ጠጠር ፈስሶበታል፤ ስለዚህ ከ28 ሚሊ ሜትር ያልቀጠነ ጎማና ሁለት ካላማዳሪ ያዙ። ከዝናብ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ያዙ። ሕጉ መኪና ከከተማ ውጭ ሲቀድማችሁ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያስገድዳል፤ አብዛኞቹ ሹፌሮችም ያከብሩታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቅ ይዘጋል፤ ዳቦ ከእኩለ ቀን በፊት ግዙ።

ስለ ሳን ሲር ላፖፒ ሳልናገር ብወርድ ትቀየሙኛላችሁ። ከሎት በላይ 100 ሜትር ያህል ገደል ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት። ለዘመናት የእንጨት ጠራቢዎች የበርሜል ቧንቧ ሲሠሩባት ኖረዋል። እውነቱን ልናገር፤ በነሐሴ እኩለ ቀን ብትሄዱ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ጠዋት በማለዳ ግን መንገዱ የናንተ ነው፤ ወንዙ ላይ ጉም ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ሎትን ተከትላችሁ ካኦር ግቡ፣ ድልድዩን አቋርጡ። ከድልድዩ ማዶ፣ ትንሽ እንደሄዳችሁ፣ ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ሰማያዊ ውሃ ይፈልቃል፤ የሻርትሮ ምንጭ ነው። ሮማውያን ከተማዋን ዲቮና ያሏት በዚህ ምንጭ ጣዖት ስም ነበር። አምባው ላይ ጠፍቶብኝ የነበረው ዝናብ ድንጋዩን ሰንጥቆ፣ በጨለማ ተጉዞ የሚወጣው እንዲህ ባሉ ምንጮች ነው፤ ካኦር ዛሬም የምትጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው። በወንፊት የወረደ ውሃ፣ ያውም ሰይጣኑ እያየ!

ነጭ መስመሮቹን በእርሳስ ያቀለምኩበት ካርታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ መቃብር ቦታዎቹንም ከብቤያቸዋለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኑ፤ አብረን እንየው። አመሰግናለሁ።