ሻማዋን አጥፋት አልኩት

እንደምን ሰነበታችሁ። የዘጌውን ወሬ ዛሬ አልጨርስላችሁም። ሌላ ነገር ይዞኛል።

ትንሹ ወንድሜ አሜሪካ ሊማር ቪዛ እየሞላ ነው። የመቀበያ ደብዳቤው የመጣለት ቀን እዚሁ አልቅሼላችኋለሁ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ ያቺ ዋርካችን ሥር ተቀምጠን ነበር። ቀረሶ ጥብስ አዘናል። ዲኤስ 160 የሚባለው ቅጽ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀምክባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ሁሉ ጻፍ ይላል። ከ2019 ጀምሮ ያለ ጥያቄ ነው፤ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። በጁን 2025 ደግሞ ለተማሪዎች ሌላ ተጨመረ፦ ገጻችሁን ለሁሉም ክፍት አድርጉ።

ከፈተው። ወደ ታች እየወረድን ማየት ጀመርን።

ይቺን ነገር ደጋግሜ አያታለሁ። አውራ ጣቱ ሎሚ ነክቶታል። ስልኩ አልታዘዝ ሲለው በሸሚዙ ይጠርገዋል። ከዛ ሻማዋ መጣች። ጥቁር መደብ፣ አንዲት ሻማ፣ «ነፍስህን ይማር ወንድሜ»። ለሰፈራችን ልጅ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም።

«እትዬ፣ ይቺንስ?» አለኝ።

«አጥፋት» አልኩት። ወዲያው።

አላጠፋትም። ከሥሯ የልጁ እናት ጽፈዋል፦ «አሜን ልጄ»። ሁለት ቃል። ሻማዋ ስትጠፋ እሱም አብሮ ይሄዳል። ቀና ብሎ አየኝ። «አጥፋት እንጂ» አልኩት።

ኦፊሰሩ አማርኛ አያነብም፣ ማሽን ያስተረጉማል፣ ሟቹ ማነው ይላል፣ በምን ሞተ ይላል... ይሄን ሁሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀንም።

ደግሞ ገጹ ላይ ባዶ ወራት አሉ። በ2023 ኦገስት እዚህ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ዝም ያለባቸው። ምን ደብቀህ ነው ቢሉትስ? ኔት አልነበረም ሲል ያምኑታል?

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። በ2017 ጃንዋሪ የ7 አገር ሰዎች አሜሪካ እንዳይገቡ ታገዱ፣ ፍርድ ቤቶች እግዱን አቆሙት፣ ተስተካክሎ ተመለሰ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ለፕሬዚዳንቱ ፈረደ። መሠረቱ የ1952 ሕግ ነው፤ መግባታቸው አገር ይጎዳል ያላቸውን ፕሬዚዳንቱ እንዲከለክል ይፈቅድለታል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን መሐል ላይ ያለው ነው። በ2017 የቅርብ ዘመድ ያለው ይግባ ሲባል፣ መንግሥታቸው አያት የቅርብ ዘመድ አይደለችም ብሎ ነበር። አያት! ሃዋይ ያለ ዳኛ ነው ናት ያለው። እኔንና ትንሹን ማን እንዳሳደገን ታውቃላችሁ።

በጁን 2025 ደግሞ 12 አገሮች ሙሉ በሙሉ፣ 7ቱ በከፊል ታገዱ። ኤርትራ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ከታገዱት ናቸው። እኛ የለንበትም። ያኔ «ተመስገን» ብያለሁ። በመተማ በኩል ሸሽቶ የመጣው ሱዳናዊ ጎረቤታችን አጠገቤ ቡና እየጠጣ።

አገር ደጁን መጠበቁ አይከፋኝም። የሚገባውን ሰው ማጣራትም ያለ ነው። ግን... ተውት። እኔ እኮ ያጠፋሁት ማንም ሳያዘኝ ነው።

እሁድ ጊዮርጊስ የሟቹን ልጅ እናት አገኘኋቸው። «ትንሹ ቀናው?» አሉኝ። «ይጸልዩለት» አልኳቸው። «መች ረስቼው» አሉ። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

ያጠፉት ነገር መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፣ ከዛ በፊት መመለስ ይቻላል። አይቼዋለሁ። ሻማዋ እዛ አለች። የትንሹ ቀጠሮ ግን ከ40 ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት «ልመልሳት እንዴ?» አለኝ።

ቆይ አልኩት። እስቲ ቆይ...